መቀርቀሪያውን የሰበሩት የሰፈር ልጆች



ባለፈው ክረምት በአንድ አባላችን ቤት ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከጎናችን የነበሩ ወጣቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ አውሮፓ ክለቦች ኳስ ይከራከሩ ነበር። ለቅሶ ቤት ኳስ ማውራት ነውር ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀመጥ ሌላ ምን ይወራል? ከመሀላቸው አንዱ «ኳስ ማለት አንድ ማግባትና በር መዝጋት ነው፤ የሚያጠቃ ቡድን ለዓይን ያምራል እንጂ ዋንጫ አይወስድም» አለ። ቀጥሎም ወደ እኛ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀን። በዚያው ቅጽበት ንፍሮ ቀረበና መልስ ሳንሰጠው ቀረን።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ጽሑፍ አምጡ ባሉን ጊዜ ያ ጥያቄ ትዝ አለን። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጡረታ እስክንወጣ ድረስ የኖርነውም መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስናገላብጥ ነው። ከፋይል ጋር የኖረ ሰው ደግሞ ቀንና ቁጥር መያዝ ይለምድበታል፤ የኳስ ውጤትም ከልጅነታችን ጀምሮ በደብተር እንጽፍ ነበር። እንግዲህ ለዚያ ወጣት ያልሰጠነውን መልስ እዚህ ላይ እንጽፋለን። ዓመቶቹን የምናስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አለዚያ ነገሩ ይምታታል።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፣ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ የተጀመረው በ1955 ነው። ከ1956 እስከ 1960 የነበሩትን የመጀመሪያዎቹን አምስት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደው የስፔኑ ሪያል ማድሪድ ነው። የፍጻሜ ውጤቶቹን እንያቸው፤ ሬምስን 4 ለ 3፣ ፊዮሬንቲናን 2 ለ 0፣ ሚላንን በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2፣ እንደገና ሬምስን 2 ለ 0፣ በመጨረሻም አይንትራኽት ፍራንክፈርትን 7 ለ 3። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ያኔ አንድ አግብቶ መተኛት የሚባል ነገር አልነበረም።

የ7 ለ 3ቱን ጨዋታ ትንሽ ልንቆይበት ይገባል፤ የተደረገው በስኮትላንድ ከተማ በግላስጎው፣ ሃምፕደን ፓርክ በሚባለው ሜዳ፣ በሜይ 18 ቀን 1960 ነበርና። ከ127 ሺህ በላይ ሕዝብ ገብቶ ነበር። ፍራንክፈርት ተራ ቡድን እንዳይመስላችሁ፤ በግማሽ ፍጻሜው የዚያችኑ ከተማ ክለብ ሬንጀርስን 6 ለ 1 እና 6 ለ 3፣ በድምሩ 12 ለ 4 የደቆሰ ነው። በፍጻሜውም ቀድሞ ያገባው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዲ ስቴፋኖ ሦስት፣ ፑሽካሽ አራት አገቡ። ዲ ስቴፋኖ አጥቂ ይባል እንጂ በረኛው ጎል ፊት ተገትሮ ኳስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ወደ ኋላ ወርዶ ከተከላካዮቹ እግር ሥር ኳስ ይቀበላል፤ መሀል ላይ ያቀብላል፤ እንደገና ጎል ላይ ይገኛል። የሚይዘው ተከላካይ ቢከተለው ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባይከተለው ደግሞ እሱ እንዳሻው ይጫወታል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ ትመጣለች።

ማድሪድን ተከትሎ የተነሣው የፖርቱጋሉ ቤንፊካ ነው። በ1961 ባርሴሎናን 3 ለ 2፣ በ1962 ራሱን ሪያል ማድሪድን 5 ለ 3 አሸንፎ ሁለት ዋንጫ ወሰደ። በሁለተኛው ፍጻሜ ፑሽካሽ ሦስት አግብቶ ማድሪድ እስከ እረፍት 3 ለ 2 ይመራ ነበር። ከእረፍት በኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጎሎች ያስቆጠረው የሃያ ዓመቱ ኤውሴቢዮ ነው፤ የሞዛምቢክ ልጅ፣ የአፍሪካ ልጅ። ይህን ስንጽፍ ትንሽ ደረታችን ቢነፋ አትፍረዱብን።

በሩ መዘጋት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የጣሊያኑ ኢንተር ሚላን አሠልጣኝ ኤሌኒዮ ሄሬራ፣ ትውልዱ አርጀንቲና፣ ያደገው ካዛብላንካ ሲሆን፣ ቡድኑን ያቆመበት ዘዴ በጣሊያንኛ «ካቴናቾ» ይባላል፤ መቀርቀሪያ ማለት ነው። መፍለቂያው ስዊዘርላንድ ነው፤ በ1930ዎቹ ካርል ራፓን የተባለ አሠልጣኝ ይህን የሚመስል ዘዴ እዚያ ይጠቀም ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ አንድ አጥቂ ይሰጠዋል፤ ሰውየው ውኃ ሊጠጣ ቢሄድ እንኳ አይለየውም። ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ደግሞ ማንንም የማይዝ አንድ ሰው ይቆማል፤ «ሊቤሮ» ይሉታል። የኢንተሩ ሊቤሮ አርማንዶ ፒኪ ነበር። ግቢን በአጥር አጥሮ፣ በር ላይ ዘበኛ አቁሞ፣ ጓሮ ደግሞ ሌላ ዘበኛ እንደ መጨመር ቁጠሩት፤ አንዱን ያመለጠ በሌላው ይያዛል። ኳስ በተገኘች ጊዜ ወደ ፊት በፍጥነት ይላካል፤ አንድ ጎል ይገባል፤ ከዚያ በሩ ይቀረቀራል።

ሄሬራ ተጫዋቾቹን ከጨዋታ በፊት ከቤተሰብ ለይቶ፣ እንደ ሱባኤ፣ ራቅ ያለ ቦታ አስገብቶ ይዘጋባቸው ነበር። መብሉም እንቅልፉም በቁጥጥር ነው። ይሁንና ዘዴው ዋንጫ አመጣ። በ1964 ቪየና ላይ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ያ ጨዋታ ለዲ ስቴፋኖ በማድሪድ ማልያ የመጨረሻው ሆነ። በ1965 ደግሞ በገዛ ሜዳው ቤንፊካን 1 ለ 0 አሸንፎ ደገመ። እውነቱን ለመናገር ኢንተር ፈሪ ቡድን ብቻ አልነበረም። ሱዋሬዝ የሚባል ኳስ አከፋፋይ ነበረው። ማዞላም ነበረው፤ አባቱ ቫሌንቲኖ ማዞላ በ1949 የቶሪኖ ቡድን በሙሉ በአውሮፕላን አደጋ ሲያልቅ አብሮ የሞተ፣ ልጁም ያኔ ገና ስድስት ዓመቱ የነበረ። የግራ ተከላካዩ ፋኬቲም እየሮጠ ሄዶ ጎል ያገባ ነበር፤ በ1965 ግማሽ ፍጻሜ ሊቨርፑል በመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ 1 አሸንፎ ሳለ፣ በመልሱ ኢንተር 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ሦስተኛዋን ያስቆጠረ እሱ ነው። ዘዴውን የቀዱት ሌሎች ግን ፋኬቲን ትተው መቀርቀሪያውን ብቻ ወሰዱ። ሰው የሌላውን ሥራ ሲቀዳ ቀላሉን ነው የሚወስደው።

አሁን ወደ ግላስጎው እንመለስ፤ ወደ ሌላኛው ክለብ፣ ወደ ሴልቲክ።

ይህን ክለብ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ትልቅ ረሀብ ገባ፤ ብዙ ሰው ተሰድዶ ግላስጎው ምሥራቅ በሚገኙ የድሆች ሰፈሮች ሰፈረ። የእነዚያ ስደተኞች ልጆች ጦማቸውን ትምህርት ቤት ይውሉ ነበር። ብራዘር ዋልፍሪድ የሚባሉ የካቶሊክ ወንድም፣ መምህርም የነበሩ፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር በኖቬምበር 1887 በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው ክለቡን መሠረቱ። ዓላማው የኳስ መግቢያ ገንዘብ ሰብስቦ ለድሃ ልጆች ምሳ ማብላት ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታውን በሜይ 1888 አድርጎ ሬንጀርስን 5 ለ 2 አሸነፈ። እንግዲህ አባላት፣ ይህ ከዕድር በምን ይለያል? የሰፈር ሰው፣ የሰፈር ችግር፣ የሰፈር ሳንቲም ነው። ታዲያ ክለቡ ገንዘብ ማግባት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ዋልፍሪድ በ1892 ወደ ለንደን ተዛወሩ፤ በ1897 ክለቡ የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፤ የልጆቹም ምሳ ቀስ በቀስ ተረሳ። የዕድራችን ሒሳብ ሹም ይህችን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ቢያነቧት ደስ ይለናል።

ሰባ ዓመት እናልፋለን። ጆክ ስታይን በወጣትነቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ በሴልቲክም ተጫውቷል። በማርች 1965 የክለቡ አሠልጣኝ ሆኖ ሲመለስ ሴልቲክ ከ1954 ጀምሮ የሊግ ዋንጫ አላየም። በ1966 አየ። ስታይን ከዚያ በፊት፣ በ1963፣ ገና የደንፈርምሊን ክለብ አሠልጣኝ ሳለ፣ ሚላን ድረስ ሄዶ የሄሬራን ልምምድ ተመልክቶ ነበር። መቀርቀሪያውን ሊቀዳ ይችል ነበር። እሱ ግን መቀርቀሪያው ከየት እንደሚከፈት ሲያጠና ነው የተመለሰው፤ የፋኬቲንም ሩጫ ልብ ብሎ ነው የመጣው።

ተጫዋቾቹ እነማን ነበሩ? በፍጻሜው ከተሰለፉት አሥራ አንዱ መካከል አሥሩ ከክለቡ ሜዳ 10 ማይል በማያህል ርቀት የተወለዱ ናቸው። ሩቁ ሌኖክስ ነበር፤ እሱም 30 ማይል፣ ማለት ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ዘይት ቢሆን ነው። በረኛው ሲምፕሰን 36 ዓመቱ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት በእንግሊዙ ኒውካስል ሁለት ዋንጫ ወስዶ አሁን ወደ ጡረታ የተቃረበ ሰው። የሚያስቀው ነገር፣ ስታይን የሂበርኒያን አሠልጣኝ በነበረ ጊዜ በቃኝ ብሎ ለሴልቲክ የሸጠው ራሱ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ራሱም ተከትሎት መጣ። እንግዲህ ሁለቱ ሲተያዩ ምን እንደተባባሉ እግዜር ይወቅ።

ወደ ፍጻሜው የተጓዙበት መንገድ እንዲህ ነበር። ዙሪክን 2 ለ 0 እና 3 ለ 0፤ ናንትን 3 ለ 1 እና 3 ለ 1። የዩጎዝላቪያው ቮይቮዲና ግን አስጨነቃቸው፤ እዚያ 1 ለ 0 ተሸንፈው፣ በመልሱ ቻልመርስ አንድ ካገባ በኋላ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አምበሉ ማክኒል ከማዕዘን የመጣችን ኳስ በቴስታ አስገብቶ 2 ለ 0 አለፉ። በግማሽ ፍጻሜ ዱክላ ፕራግን በሜዳቸው 3 ለ 1 አሸነፉ። ለመልሱ ፕራግ ሲሄዱ ግን ስታይን ፈራ። ቻልመርስን ብቻ ፊት ትቶ ሌላውን ሁሉ ወደ ኋላ ሰበሰበ። 0 ለ 0 ወጡና አለፉ። ውጤቱ ያስደስታል፤ ስታይን ግን በዚያ አጨዋወት አልተደሰተም፤ ሁለተኛ እንዲህ አልጫወትም የሚል ስሜት ይዞ ነው የተመለሰው። ሰው አሸንፎ ሲያፍር የሚገርም ነው።

ሜይ 25 ቀን 1967፣ በእኛ ግንቦት 17 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሊዝበን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ። ሜዳ ከመግባታቸው በፊት ጎን ለጎን ቆመው ሲጠብቁ፣ ኢንተሮች ፀጉራቸው ተቀብቶ፣ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ ዝም ብለዋል። ከስኮትላንዶቹ ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀዋል። በርቲ ኦልድ የክለባቸውን መዝሙር አስጀመረ፤ ሁሉም እየጮኹ ተቀበሉት። ጣሊያኖቹ እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ሳይሉ አይቀሩም። ያወለቋቸው ጥርሶች በሲምፕሰን ኮፍያ ውስጥ ሆነው፣ ኮፍያው ጎሉ ውስጥ ተቀምጦ ነው የተጫወቱት፤ ካሸነፉ ፎቶግራፍ ሲነሡ ሊያደርጉት።

ጨዋታው በተጀመረ በሰባተኛው ደቂቃ ክሬግ ካፔሊኒን ሳጥን ውስጥ ጠለፈውና ጀርመናዊው ዳኛ ሪጎሬ ሰጡ። ማዞላ አገባ። 1 ለ 0። የድንኳኑ ወጣት የሚለው አሁን ሆነ፤ አንድ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። በወጉ ቢሆን ነገሩ ያኔ ባለቀ ነበር።

ሴልቲኮች ግን ምን አደረጉ? በሩን ዝም ብለው አልደበደቡም። በቀኝ ክንፍ የሚሰለፈው ጂሚ ጆንስተን፣ አጭር፣ ቀይ ፀጉር፣ ኳስ እግሩ ላይ የሚጣበቅለት ልጅ፣ ክንፉን ትቶ ወደ መሀል ገባ። ሌሎቹ አጥቂዎችም ቦታቸውን እየለቀቁ ወዲያ ወዲህ አሉ። የኢንተር ተከላካዮች ሰው ለሰው እንዲይዙ ታዝዘዋልና ተከተሏቸው። ያችን የዲ ስቴፋኖን ነገር ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። ዘበኞቹ ሌባውን ሲከተሉ የአጥሩ ጥግ ባዶ ቀረ፤ በዚያ ባዶ ጥግ የመጡት ማንም የማይዛቸው ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች፣ ክሬግና ጌሜል ናቸው። ሌላም ነገር ነበር። ጥግ ላይ ሲደርሱ ኳሷን ከፍ አድርገው ወደ ጎሉ አፍ እንዳይጥሏት ተነግሯቸዋል፤ እዚያ ረጃጅሞቹ ጣሊያኖችና ፒኪ አሉ። ይልቅ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳጥኑ ጠርዝ እንዲመልሷት፤ እዚያ ማንም የለም።

ኦልድም ጌሜልም አግዳሚውን መቱ። በረኛው ሳርቲ ያን ቀን ያዳነው ኳስ ይህ ነው አይባልም፤ በሕይወቱ እንዲያ የተጫወተበት ቀን መኖሩን እንጠራጠራለን። እረፍት ሆነ፤ ያው 1 ለ 0። በስልሳ ሦስተኛው ደቂቃ ክሬግ በቀኝ በኩል ገብቶ ሳጥኑ ውስጥ ሊዘልቅ ሲል ቆም አለና ኳሷን ወደ ኋላ መለሳት። ከግራ በኩል ጌሜል እየሮጠ መጥቶ ቀጥ አድርጎ መታት፤ ሳርቲ ዘለለ፣ አልደረሰባትም። የስታይን ትእዛዝ አንዱ መስመር ተከላካይ ሲወጣ ሌላው ይቆይ የሚል ነበርና፣ ጌሜል ራሱ ኋላ እንደተናገረው እዚያ መገኘት አልነበረበትም። ኳሷ ባትገባ ኖሮ ወየውለት! አንዱ ተከላካይ አቀበለ፣ ሌላው ተከላካይ አገባ፤ መቀርቀሪያው የተሰበረው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኖቹ መውጣት አቃታቸው። መውጣት የለመዱ አይደሉማ! ሱዋሬዝም በጉዳት ምክንያት የለም፤ ይህን ማስቀረት ለኢንተር አለመፍረድ ይሆናል። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ጌሜል በግራ ደርሶ ለመርዶክ መለሰለት፤ መርዶክ ወደ ጎል ላካት፤ ቻልመርስ መንገድ ላይ ነካ አድርጎ አቅጣጫዋን ለወጣት። 2 ለ 1። ፊሽካው ሲነፋ ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው፤ ሲምፕሰንም ሮጦ ኮፍያውን አነሣ። ማክኒል ዋንጫውን ለመቀበል ብቻውን በስታዲየሙ ውጭ ዞሮ ወደ መድረኩ መውጣት ነበረበት፤ ጓደኞቹ በሕዝቡ ተውጠው ቀርተዋል። የሴልቲክ ክለብ በዚያ ዓመት የተወዳደረባቸውን አምስት ዋንጫዎች በሙሉ ወሰደ፤ ከብሪታንያ ክለቦችም የአውሮፓን ዋንጫ በመውሰድ የመጀመሪያው ሆነ።

ኢንተር ከዚያ ቀን አላገገመም። በሳምንቱ ጁን 1 ቀን፣ በጣሊያን ሊግ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ያ ሊዝበን ላይ እንደ ግንብ የቆመው ሳርቲ ቀላል ኳስ አምልጦት በማንቶቫ 1 ለ 0 ተሸነፉ፤ የሊጉን ዋንጫ ጁቬንቱስ በአንድ ነጥብ በልጦ ወሰደ። በ1968 ሄሬራ ወደ ሮማ ሄደ።

መቀርቀሪያው ግን ያን ቀን ሞተ ብንል ለወጣቱ መዋሸት ይሆናል። በ1969 ሌላኛው ሚላን አጥቂውን አያክስን በፍጻሜ 4 ለ 1 አሸነፈ። ሴልቲክ ራሱ በ1970 እንደገና ፍጻሜ ደርሶ፣ ጌሜል ቀድሞ ቢያገባም፣ በፌየኖርድ በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፈ። እንዲያውም ሆላንዶቹ በዚህ ነገር የበለጡ ሆኑ። አያክስ ተከላካዩም አጥቂውም ቦታ እየተለዋወጠ እየተጫወተ በ1971፣ በ1972 እና በ1973 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ፤ በ1972 ሮተርዳም ላይ ያሸነፈው ያንኑ ኢንተርን ነው፣ 2 ለ 0፤ ሁለቱንም ክሩይፍ አገባ። ክሩይፍም ያው የሰፈር ልጅ ነው፤ ያደገው ከክለቡ ሜዳ አጠገብ፣ አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተውበት፣ እናቱ በዚያው ክለብ የጽዳት ሥራ እየሠሩ። ዛሬ ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸው፣ ጥግ ጥጉን እየሮጡ ጎል ላይ የሚደርሱ ተከላካዮች፣ የፋኬቲና የጌሜል የልጅ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ የሚያጠቃ ዋንጫ አይወስድም ላልከው፣ ደብተራችን ላይ ያለው ይህ ነው። ወስዷል። ግን በጉልበትና በጩኸት ብቻ አይደለም፤ የዘጋውን ሰው ቤት ድረስ ሄዶ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ ካጠና በኋላ ነው።

ጆክ ስታይን በሴፕቴምበር 10 ቀን 1985 ካርዲፍ ላይ ስኮትላንድ ከዌልስ ጋር ስትጫወት፣ እሱም የስኮትላንድ አሠልጣኝ ሆኖ ሳለ፣ ልቡን ታሞ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ዐረፈ። ዕድሜው 62 ነበር። ከሊዝበኖቹ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ቀድሞ የሄደው መርዶክ ነው፣ በ2001፤ ሲምፕሰን በ2004፣ ጆንስተን በ2006፣ ጌሜል በ2017። አምበሉ ማክኒል በኤፕሪል 22 ቀን 2019 ሞተ። ሐውልቱ በክለቡ መግቢያ ላይ ቆሞ ነበርና ሕዝቡ ሥሩ አበባና የአንገት ሻርፕ ሲያስቀምጥ ሰነበተ። ልክ በሳምንቱ፣ በኤፕሪል 29፣ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ቻልመርስ ተከተለው። አስከሬኑን የያዘው የማክኒል መኪና ወደ መቃብር ከመሄዱ በፊት በክለቡ ሜዳ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ የሰፈሩም ሰው መንገዱን ሞልቶ ቆሞ ሸኘው።